ስለ ቅባት ብቻ አንጠያየቅ

ስለ ሶሪያሲስ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች በአብዛኛው ስለ ቅባት ናቸው። የትኛው ይሻላል፣ በቀን ስንቴ ልቀባ፣ የት ፋርማሲ ይገኛል። መልእክቱ ረዘም ሲል ግን ወደ መጨረሻው ሌላ ነገር ብቅ ይላል። ከሰው ጋር መቀላቀል መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለእጮኛ መናገር መፍራት። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። እኔ እንደማምነው የሕመሙ ግማሽ እሱ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከልክ በላይ ሲቆጣ የሚመጣ፣ ሄድ መጣ እያለ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር በሽታ ነው። ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል፤ ሶሪያሲስ ያለበት ቦታ ግን ይህን በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። አሮጌው ሳይራገፍ አዲሱ ስለሚደርስበት ቆዳው ይወፍራል፣ ነጣ ያለ ቅርፊትም ያወጣል። ክርን፣ ጉልበት፣ ወገብና የራስ ቅል ላይ ይበዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም፣ በፎጣም በአልጋም አይተላለፍም። ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይህችን ለቤተሰቦቻችሁ አንብቡላቸው።

የራስ ቅል ላይ ሲወጣ ለእኛ ለሴቶች ፈተናው የተለየ ነው። ሹሩባ ስትሠሪ ፀጉርሽ መስመር በመስመር ይከፈላል፤ መሸሸጊያ የለም። አንድ ቀን የሠፈራችን ሹሩባ ሠሪ ጋ ተቀምጬ ሚዶዋ ከጆሮዬ በላይ ደርሶ ቆመ። ምንም አላለችም። ጣቶቿን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አደረገችና አጠገቧ የምትሠራውን ልጅ በዓይኗ ጠቀሰቻት። በመስታወቱ አየኋቸው። ሠርታ ጨረሰች፣ ሂሳቧን ተቀበለች፣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያለ ሻሽ ከቤት አልወጣሁም፤ ጎረቤት ቡና ስትጠራኝም ራሴን አሞኛል እያልኩ እቀር ነበር።

ሌላው ሰው የሚያየው ቅርፊቱን ነው። እኔን የሚያደክመኝ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን የት እንዳረፈ መከታተሉ ነው። ትከሻዬ ላይ ነጭ ነገር ወርዶ ይሆን? እጅጌዬ ተሰብስቦ ክርኔ ታይቶ ይሆን? ጎረቤቴን ላጉርሳት ወይስ እጄን ትጠየፈው ይሆን? በሰው መሃል ተቀምጦ እንዲህ ሲያሰላስሉ መዋል ጉልበት ይጨርሳል። ማታ ደግሞ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ በትንሽ በትልቁ ሆድ ይብሰዋል።

ይህ ሁሉ ተመልሶ ቆዳው ላይ ይወጣል። ጭንቀት ሶሪያሲስን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ ስንጨነቅ ሰውነታችን የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች የተቆጣውን መከላከያ ሥርዓት ይብስ ያስቆጡታል። በሌላ በኩል ደግሞ ቆዳ ላይ ብግነት የሚያስነሱት ኬሚካሎች በደም ዞረው ስሜታችንንም ሊነኩ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ድባቴ የያዘውን የሶሪያሲስ ታማሚ እምነት አንሶት ነው፣ ሲያካብድ ነው እያላችሁ አታቁስሉት።

እ.ኤ.አ. በ1994 ዌልስ ውስጥ በካርዲፍ ከተማ ፊንሌይና ካን የተባሉ ሐኪሞች የቆዳ በሽታ ኑሮን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚለካ 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አሳተሙ። ስላለፈው ሳምንት ይጠይቃል። ቆዳሽ አሳፍሮሽ ነበር? የምትለብሺውን ልብስ እስከ መምረጥ አድርሶሻል? ሥራሽን፣ ከወዳጆችሽና ከትዳር ጓደኛሽ ጋር ያለሽን ነገር ነክቶታል? ነጥቡ ከ30 ሲታሰብ ከ10 በላይ ከሆነ በሽታው ኑሮን ክፉኛ እየጎዳ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ልብስ የሚጠይቀው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። በግንቦት ሙቀት ሹራብ የምለብሰው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እኔ የምከታተልበት ቦታ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ሐኪሟ እጅጌዬን ሰብስባ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ተረኛው ይገባል። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ወረፋ ስለማየው አልቀየማትም። ግን የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ሶሪያሲስ ውሳኔ ሲያሳልፍ ታማሚው የሚደርስበትን መገለልም አንስቷል። እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ቤተሰብም ላንሳ። እናቶቻችን ለማንም እንዳትናገሪ የሚሉን ትዳራችን እንዳይበላሽ ሰግተው ነው፤ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚደበቅ ሕመም ሰውን ብቻውን ያስቀራል። የእኔ አክስት ማታ ማታ እጄ የማይደርስበትን ጀርባዬን ቅባት ትቀባኛለች። ጓንት አታደርግም፤ የጎረቤት ወሬ እያወራችልኝ በመዳፏ ታሸዋለች። ከቅባቱ ይልቅ መዳፏ እንደሚያሽለኝ ነግሬያታለሁ። ፀበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ እጅጌያችሁን ከመሰብሰባችሁ በፊት ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ ምግብ ፍላጎታችሁ፣ ከሰው ስለ መራቃችሁ ተናገሩ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ እናስባለን፤ አገልግሎቱ ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም አለ። እዚያ ስትሄዱ ሶሪያሲስ እንዳለባችሁ ንገሩ፤ ለምሳሌ ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት ሶሪያሲስን ሊያባብስ ይችላል። እየወሰዳችሁት ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የቆዳና የአእምሮ ሐኪሞቻችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይወቁት።