የአሮጌ ባጃጅ ፍሪሲዮንና ማርሽ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ባለካርቡሬተር ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሦስት ሰው የጫነ አሮጌ ባጃጅ ዳገት ላይ ሲደክም ሾፌሩ የፍሪሲዮኑን መያዣ ግማሽ ጨብጦ ሞተሩን ያስጮኻል። ያኔ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይበላል። የደጋ ባጃጅ ፍሪሲዮን ቶሎ የሚያልቅበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

የባጃጅ ዘር ከጣሊያን ነው። የፒያጆ ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ከቬስፓ ሞተር ብስክሌት ያወጣት ባለሦስት እግር አፔ ማርሿን የምትቀይረው የግራ እጅ መያዣ በመጠምዘዝ ነበር፤ የህንዱ ባጃጅም ይህንኑ ወረሰ። ከመያዣው እስከ ማርሽ ሳጥኑ ትእዛዙን የሚያደርሱት ቀጫጭን የሽቦ ካቦዎች ናቸው። ስለዚህ ማርሽ እምቢ ባለ ቁጥር ሞተር ለማስፈታት መቸኮል ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ካቦው ይታይ።

የፍሪሲዮን ሕመም ሁለት መልክ አለው፣ መድኃኒታቸውም ተቃራኒ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ባጃጁ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የፍሪሲዮኑ ካቦ ከልክ በላይ ተወጥሮ ከሆነ የፍሪሲዮኑን መያዣ ባትነኩትም ሸራዎቹ በደንብ አይገጥሙም፤ መያዣው መሳብ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር መላወስ አለበት። በተቃራኒው መያዣው እስከ መጨረሻ ተጨብጦም ማርሹ እየተንቋቋ ከገባ፣ ወይም ቆማችሁ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ካቃታችሁ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ብዙ ጊዜ ካቦው ላልቷል ማለት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃና ውሃ የካቦው ሽፋን ውስጥ ገብተው ሽቦውን ያዝጉታል። እንዲህ ያለውን ካቦ ማጥበቅ አይጠቅመውም፤ ይጸዳ፣ ዘይት ይጠጣ፣ ከተተረተረ ይቀየር።

አንደኛና ሁለተኛ በደህና ገብተው አራተኛ ብቻ እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ማርሽ ካቦዎቹ ይዞራል። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይለቃል፣ ውጥረታቸው ካልተመጣጠነ የማርሽ መያዣው ላይ የሚነበበው ቁጥርና ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማርሽ ይለያያሉ። የገባ ማርሽ ዳገት ላይ ራሱ እየወጣ ካስቸገረ ግን፣ ካቦው ደህና ከሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ማርሹን የሚይዙት ክፍሎች አልቀዋል፤ ያኔ መፍታት ግድ ነው።

የዘይትን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። በባለአራት ምት ባጃጅ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች የሚዋኙት ሞተሩ በሚጠቀምበት ዘይት ውስጥ ነው። ማንሸራተቻ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ከተሞላ አዲስ ሸራም ይንሸራተታል። ባለሁለት ምቱ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለው ዘይት ሌላ ነው፤ የማርሽ ሳጥኑን አይቀባም፣ ሳጥኑ የራሱ ዘይት አለው።

ሸራ መቀየር ካለበት፣ በሸራዎቹ መካከል ያሉት የብረት ዲስኮች ይመርመሩ፤ በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ወይም የተጣመመ ይጣል። አዲሶቹ ሸራዎችም ከመገጠማቸው በፊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ይነከሩ።