ከዓለም አስገራሚ ነገሮች፦ አንድ ቀን በሦስት አቆጣጠር

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ፈገግ የሚያሰኝ፣ ነገር ግን ለመንገድም ለኪስም የሚጠቅም ጨዋታ ነው። በጥያቄ እንጀምር። ብዙዎቻችሁ የገባችሁበትና የምትወጡበት፣ በደማም የሚገኘው ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ለመንገደኞች አገልግሎት የጀመረው በስንት ዓመት ነው? አንዷ እኅት «በ1992» ትላለች። ከመጽሔት ላይ ያነበበችው ሁለተኛዋ «የለም፣ በ1999 ነው» ትላለች። የቤቷ እመቤት ደግሞ «በ1420 ነው እንጂ» ብላ ትስቃለች። ከሦስቱ የተሳሳተው ማን ነው? ማንም አልተሳሳተም። ቀኑ አንድ ነው፤ በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 28 ቀን 1999፣ በሂጅራ ደግሞ 1420። የጨዋታችን ነገር ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ የሚሰፋ አየር ማረፊያ

አስቀድመን ስለ አየር ማረፊያው ጥቂት እንበል። ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ በያዘው መሬት ስፋት ከዓለም አንደኛ ተብሎ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ የሰፈረ ነው። ስፋቱ 776 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባችን 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ያለው ሁሉ፣ መርካቶውም ቦሌውም ተጠቅልሎ ቢገባበት ገና ትርፍ ቦታ ይኖራል ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ መሬት ምን ሞልቶበት ነው? ብትሉ፣ አብዛኛው ባዶ አሸዋ ነው። ስመ ጥሩው የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 79 ሚሊዮን መንገደኛ አስተናግዷል። መስፋትና መብዛት ለየቅል ናቸው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ አየር ማረፊያው ገና መንገደኛ ሳይቀበል የጦር አውሮፕላኖች ማረፊያ ሆኖ ነበር። መስጊዱም የተሠራው በመኪና ማቆሚያው ጣራ ላይ ነው።

የአየር ማረፊያ ነገር ከተነሣ፣ በስኮትላንድ ባራ በምትባል ደሴት አውሮፕላን የሚያርፈው በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ማረፊያው በውኃ ስለሚሸፈን የበረራው ሰዓት የሚወሰነው በማዕበሉ መምጣትና መሄድ ነው። በጂብራልታር ደግሞ የመኪናው መንገድ የአውሮፕላኑን መንደርደሪያ ያቋርጥ ስለ ነበር፣ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር መኪናው ሁሉ ቆሞ ያሳልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ለመኪኖች የምድር ውስጥ መንገድ ተከፈተላቸው።

ይህ ሁሉ ያስገርማል። ነገር ግን መንገደኛን የሚያሳስተው የአየር ማረፊያው ስፋት አይደለም። ስታነቡት የምትጠፉበት ጠባብ ቦታ አለ፤ እርሱም ትኬታችሁ ላይ ያለችው የቀንና የሰዓት መስመር ናት።

በራሴ የደረሰ

በሌላ ሰው ከመሳቄ በፊት በራሴ ልሳቅ። እኔ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ የነነዌን ጾም መግቢያ በጣቴ የማወጣ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ የአውሮፕላን ጉዞዬ ዕለት ትኬቴ ላይ 10:15 የሚል አየሁ። «አሥር ሰዓት ከሩብ፤ እንግዲያ በስምንት ሰዓት ልገኝ» ብዬ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ዘመድ ወዳጅ ሸኝቶኝ፣ ቀድሜ በመድረሴም ኮርቼ ቦሌ ደረስሁ። ትኬቴን ያየችው ልጅ «አባ፣ አውሮፕላንዎ እኮ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ሄዷል» አለችኝ። የዘመናትን ቍጥር የተማረ ሰው በስድስት ሰዓት ተሸነፈ! የሸኙኝ ሰዎች ገና ከበሩ አልራቁም ነበርና አብሬያቸው ተመለስሁ።

ሰዓታችን ለምን ተለየ?

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አይበላለጡም፤ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትገባለች። ስለዚህ የቀኑን መጀመሪያ አንድ ብሎ መቁጠር ለገበሬም ለካህንም የቀና ነው። ፈረንጆቹ ግን ቀኑን የሚጀምሩት ሁሉ በተኛበት በእኩለ ሌሊት ነው።

«ይህን የምናደርግ እኛ ብቻ ነን» ብላችሁ እንዳታፍሩ። አብራችሁ የምትሠራ የኬንያ ወይም የታንዛኒያ ልጅ ካለች በስዋሂሊ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠይቋት። «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ነው፤ እርሱም እንደ እኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያም እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ሰዓት የሚቆጠረው በአብዛኛው ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ ነበር። የአሠሪዎቻችሁ አያቶች ከእኛ ጋር ሰዓት ቢያወሩ፣ ከዛሬዎቹ ይልቅ ሳይግባቡ አይቀሩም ነበር።

አሥራ አንዱ ቀን

ወደ ዓመቱ ስንመጣ፣ የእኛ ዓመት 12 ወር ባለ 30 ቀን ሆኖ፣ ጳጉሜን አምስት፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን ትጨመርበታለች። በወር ደመወዝ ለሚያድር ጳጉሜን ሳይከፈልባት የሚሠራባት ወር ናት እየተባለ ይቀለዳል። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው። ከፀሐዩ ዓመት ወደ 11 ቀን ያንሳል። ይህች 11 ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ የቆየች ወዳጅ ናት፤ አበቅቴ የምንላት እርሷ ናት። አባቶች የፀሐዩን 365 ከጨረቃው 354 ጋር አስተያይተው፣ ትርፏን 11 ይዘው ነው የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጡት። ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ የሚመጣባችሁም በዚህችው 11 ቀን ምክንያት ነው።

ይህ ወደ ኪስ ይገባል። ሁለት ዓመት በሂጅራ ሲቆጠር፣ በፈረንጅ ከሚቆጠረው ሁለት ዓመት 22 ቀን ገደማ ቀድሞ ያልቃል። ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም። የሳዑዲ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሂጅራ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር አዛወረ፤ በ2023 ደግሞ ከሃይማኖታዊው ሕግ ጋር ከተያያዙት በቀር የመንግሥት ጉዳዮች የጊዜ ስሌት በፈረንጁ እንዲሆን ወሰነ። ቢሆንም ሁለቱም ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ሊገኝ ይችላልና፣ ውላችሁ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ እወቁ።

የጠፋው ዓርብ

ቀን ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸውም አሉ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለችው ሳሞአ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ለመነገድ እንዲመቻት ብላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2011ን ከቀን መቁጠሪያዋ አወጣችው። ሕዝቡ ሐሙስ ማታ ተኝቶ ቅዳሜ ነቃ። ያ የጠፋው ቀን ዓርብ ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አንድ የእኛ ጾመኛ እዚያ ቢኖር፣ አንድ ዓርብ ሳይጾም ያለፈው ሳይበድል ነው! የሚያስደስተው ግን አሠሪዎች ላልነበረው ቀን ደመወዝ እንዲከፍሉ መደረጉ ነው። ለጳጉሜን ያልተገኘ ዕድል ሳሞአ ላይ ተገኘ።

እኛን ግን የአንድ ቀን መጥፋት ትኬት ያስጥለናል፤ የመውጫ ቪዛም የራሱ ማለቂያ ቀን አለው። ስለዚህ ይህችን ያዙልኝ።

ትኬታችሁን ስታነቡ

የኢትዮጵያና የሳዑዲ ሰዓት አንድ ነው፤ የሚለየው አጠራሩ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው በ24 ሰዓት ነው። ከ7 እስከ 18 ያለውን 6 ቀንሱለት፤ 10:15 ከረፋዱ 4:15 ነው፤ 15:00 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 ያለውን 18 ቀንሱለት፤ 22:40 ከምሽቱ 4:40 ነው። ከ00 እስከ 06 ያለውን ደግሞ 6 ጨምሩለት፤ 01:30 ከሌሊቱ 7:30 ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ የመጨረሻው ነው። ትኬቱ «ዓርብ፣ በ15ኛው ቀን፣ 01:30» ካለ፣ በእኛ ልማድ «ዓርብ ሌሊት» ብላችሁ ዓርብ ማታ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ «ለዓርብ አጥቢያ»። ማለትም ከቤት የምትወጡት ሐሙስ፣ በ14ኛው ቀን ማታ ነው። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚያስፈልግ ከምሽቱ 4:30 ላይ አየር ማረፊያው ውስጥ ትገኛላችሁ። የበዓል ዋዜማን የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም፤ በዓሉ ዓርብ ቢሆን ዋዜማው የሚቆመው ሐሙስ ነውና። ዓረቦችም በልማዳቸው «ለይለት ጁምዓ» የሚሉት ሐሙስ ማታን ነው።

ሻንጣችሁን ከመቆለፋችሁ በፊት ቀኑን በሦስቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የምታነብ ጓደኛም ታረጋግጥላችሁ። ካልገባችሁ ደግሞ የአየር መንገዱን ሠራተኛ ያለ ሀፍረት ጠይቁ፤ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ባለመጠየቅ ደግሞ አውሮፕላን ይቀራል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።

በሰላም ገብታችሁ በሰላም ለመውጣት ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።