ስም የሌላቸው አስከሬኖች እና የማይመሳሰሉት መርማሪዎች

የግድያ ወንጀል ምርመራ ሁልጊዜ «ማን ገደለ?» በሚለው ጥያቄ አይጀምርም። ሟቹ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ጠበኛው ማን እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከማን ጋር እንደታየ፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣ መጠየቅ አይቻልም። ይህን የሚያውቅ ገዳይ ከራሱ ዱካ በፊት የሟቹን ማንነት ለማጥፋት ይጥራል። በስኮትላንድ ከ90 ዓመታት ገደማ በፊት የሆነውም ይኸው ነበር።

ጊዜው መስከረም 18 ቀን 1928 ዓ.ም ነው፤ ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር አራት ቀናት ብቻ ቀርተዋት ነበር። በደቡብ ስኮትላንድ ሞፋት በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ በድልድይ ላይ ቆማ ወደ ጅረቱ ቁልቁል የተመለከተች ሴት የሰው ክንድ አየች። ፖሊስ ሸለቆውን ሲፈትሽ በጋዜጣ፣ በአንሶላ እና በአሮጌ ልብስ የተጠቀለሉ 70 ገደማ የሰው አካል ክፍሎችን አገኘ። የፊት ገጽታና ሌሎች መለያ ምልክቶች ሆን ተብሎ እንዲጠፉ ተደርገዋል። አቆራረጡን ያዩ ሐኪሞች ይህን ያደረገው ሰው የሰውን አካል አሠራር የሚያውቅ መሆኑን ተረዱ።

ፖሊስ ብቻውን ሊወጣው የሚችል ሥራ አልነበረም። በምርመራው ላይ በሌላ ጊዜ አብረው ሊሠሩ የማይችሉ ሰዎች ተሰባሰቡ፤ በአንድ በኩል ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የሚጠይቁ ፖሊሶች፣ በሌላ በኩል የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው የፎረንሲክ ሕክምና ፕሮፌሰር ጆን ግሌይስተር እና የኤደንብራው የአካል ጥናት ፕሮፌሰር ጄምስ ብራሽ። ፕሮፌሰሮቹ አጥንትን ከአጥንት እያገጣጠሙ ሁለት አስከሬኖችን መልሰው አቆሙ። መጀመሪያ ላይ አንደኛው የወንድ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸው ሲረጋገጥ ፍለጋው አቅጣጫውን ቀየረ። በግምቱ ተይዞ ቢቀር ኖሮ ፖሊስ የጠፉ ባልና ሚስት ሲፈልግ ጊዜው ባለፈ ነበር።

ጋዜጣው ደግሞ ለፖሊሶቹ የሚገባ ማስረጃ ነበር። ከመጠቅለያዎቹ አንዱ መስከረም 4 ቀን የወጣ «ሰንደይ ግራፊክ» ሲሆን፣ ዕትሙ የተሸጠው በእንግሊዝ ላንካስተር እና ሞርካም አካባቢ ብቻ ነው። ከአስከሬኖቹ በስተደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያለች ከተማ በድንገት የምርመራው ማዕከል ሆነች።

ቀኑን ለመወሰን የረዱት ነገሮች ግን ለአርሶ አደር እንግዳ አይደሉም። አንደኛው ዝናብ ነው። ከአካል ክፍሎቹ አንዳንዶቹ የተገኙት ጅረቱ ሞልቶ በነበረበት ከፍታ ላይ ነው። በአካባቢው ከባድ ዝናብ የጣለው እስከ መስከረም 8 ስለነበር፣ አስከሬኖቹ የተጣሉት ከዚያ በፊት መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው ትል ነው። የቆሰለ በግ ያለው ሰው ዝንብ በቁስሉ ላይ እንቁላል እንደምትጥልና ትሉም በፍጥነት እንደሚፈላ ያውቃል። እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ እጩ እየበላ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፣ ከጠገበ በኋላም ወደ አፈር ገብቶ ወደ ዝንብነት ይለወጣል። ሙቀት ሲጨምር ዕድገቱ ይፈጥናል፤ ሲበርድ ይዘገያል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ሚርንስ በአስከሬኖቹ ላይ የተገኙትን እጮች መርምረው ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 14 ቀን እንደሚሆን ገመቱ። ይህም ጋዜጣውና ዝናቡ ከሚያመለክቱት ጊዜ ጋር ገጠመ። ከአስከሬን ላይ ትልን ጠራርጎ መጣል ለሟቹ ክብር መስጠት ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ሲደረግ ሰዓት ቆጣሪውን እንደመስበር ነው።

በላንካስተር የዶክተር ባክ ራክስተን ባለቤት ኢዛቤላ እና የልጆቻቸው ሞግዚት የ20 ዓመቷ ሜሪ ሮጀርሰን ጠፍተው ነበር። ከህንድ ቦምቤይ የመጣው ይህ ሐኪም ለሜሪ ቤተሰቦች ልጃቸው አርግዛ በድብቅ እንደሄደች ነግሯቸዋል። አስከሬኑ ስም ሳያገኝ ቢቀር ኖሮ ሜሪ በቤተሰቧና በጎረቤቶቿ ዘንድ የምትታወስበት ታሪክ ይህ ብቻ በሆነ ነበር።

ፖሊስ ከመጠቅለያዎቹ መካከል አንድ ሸሚዝ ለሜሪ እንጀራ እናት አሳየ። እናትየዋ ሸሚዙን በብብቱ ሥር በራሷ እጅ በጣፈችው እራፊ ለየችው። የሜሪ የጣት አሻራም በሐኪሙ ቤት ከተገኘው ጋር ተመሳሰለ። ፕሮፌሰር ብራሽ ደግሞ የኢዛቤላን ፎቶግራፍ በራስ ቅሉ ምስል ላይ ደርበው ልኩ እንደሚገጥም አሳዩ። ከሁሉም ማስረጃ ዝነኛ የሆነው ይኸው ፎቶግራፍ ነው፤ ዳሩ ግን የሁለት ሰዎች የራስ ቅል ሊመሳሰል ይችላል። በብብት ሥር ያለ የእጅ ስፌት ግን ከሌላ ሰው ጋር የመምታታት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ራክስተን ጥቅምት 2 ቀን ተይዞ በማንቸስተር ለፍርድ ቀረበ። ችሎቱ 11 ቀናት ወስዶ መጋቢት 4 ቀን ኢዛቤላን በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ ግንቦት 4 ቀን 1928 ዓ.ም በስቅላት ተቀጣ። በሜሪ ግድያ ለብቻው የተሰጠ ፍርድ የለም።

የሐኪሙ መኖሪያ ቤት ለዓመታት ሰው ሳይገባበት ኖረ። አስከሬኖቹ ተቆራርጠውበታል ተብሎ ለማስረጃ የተነቀለው የመታጠቢያ ገንዳ ደግሞ በኋላ በፈረሰኛ ፖሊስ ግቢ የፈረሶች ውኃ ማጠጫ ሆኖ አገልግሏል።