አንድ ቀን ለሁለት፦ ከሮቤ እስከ ሶፍ ዑመር

«ከልጆችና ከሥራ ተለይታችሁ ሁለታችሁ ብቻ የዋላችሁት መቼ ነው?» ይህን ጥያቄ ለሮቤ ከተማ ባለትዳር እናቶች ባቀርብላቸው ብዙዎቹ «ምን ጊዜ አለንና!» ብለው ይስቃሉ። እኔም ትዳር ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝም የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው ስለ አስቤዛ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ደብተር ነው። ሌላው ሁሉ «በኋላ» እየተባለ ይተላለፋል።

ባለፈው ጥር፣ የሲናና ገበሬዎች የቦናን ስንዴ ወደ ጎተራ ካስገቡ በኋላ፣ ሁለቱን ልጆቻችንን ለጎረቤታችን አደራ ሰጥተን ሶፍ ዑመር ዋሻን ለማየት ቆረጥን። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የእርሷን ልጆች እኛ ልንጠብቅላት ተስማማን። ስንቃችን ማታውን ያዘጋጀሁት ጭኮ፣ ዳቦና አንድ ፔርሙስ ሻይ ነበር።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጥር ንጋቷ ያንቀጠቅጣል። የታጨደውን የስንዴ ማሳ አልፈን፣ ጎሮን ወደ ኋላ ትተን ቁልቁል ስንወርድ ግን ጋቢው ከትከሻችን ወረደ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ግራር ከበዛበት ቆላ ደረስን።

ዋሻውን የሠራው ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ ነው። ውሃው የኖራ ድንጋዩን ለብዙ ዘመናት ሲቦረቡር ያወጣቸው መተላለፊያዎች ርዝመት ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1972 የተደረገው ጥናት አሳይቷል። ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር እዚህ ይጸልዩ እንደነበር በአካባቢው ይነገራል። ሥፍራው እስከ ዛሬም በሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን በዓለም ቅርስነት ለማስመዝገብ ካቀረበቻቸው ዕጩ ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል።

በመሪያችን የእጅ ባትሪ ብርሃን ውሃ የጠረባቸውን ታላላቅ ምሰሶዎች እያየን ገባን። ወንዙን ስንሻገር ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። በሮቤ መንገድ ላይ እንዲህ ይዞኝ አያውቅም።

ከዋሻው ወጥተን ወንዙ ዳር ስንቃችንን ስንፈታ፣ «ልትነግሪኝ ጀምረሽ ሁልጊዜ የምትተዪው ነገር ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር መማር እንደምፈልግ ነገርኩት።

«ልጆቹስ?» አለኝ።

«አንተስ?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ቅር እንዳለው ፊቱ ያስታውቅ ነበር። በኋላ ግን፣ «ወጥ መሥራት እኮ አልችልም» አለ። «ሽሮ አሳይሃለሁ» ብዬው ሁለታችንም ሳቅን። ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንዱ ልጅ ይጠራኝ ወይም ድስቱ ይገነፍል ነበርና ነገሩ «አንተስ?» ላይ ይቆም ነበር። ለአንድ የትምህርት ወቅት ልንሞክረው ተስማምተን ተመለስን። እነሆ ወቅቱ ተጋምሷል። ሽሮው ሁለት ጊዜ አርሯል፤ ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም።

ውድ እናቶች፣ ሶፍ ዑመርን ለማየት ካሰባችሁ በበጋ ሂዱ። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ አደገኛ ነው። የአካባቢውን መሪ፣ የእጅ ባትሪና ውሃ የማያበላሸው ጫማ አትርሱ፤ ሥፍራው የጸሎት ቦታ ስለሆነ አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን። ሩቅ መሄድ የማይመቻችሁ፣ ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዲንሾ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደጋ አጋዘን እያያችሁ መዋል ትችላላችሁ። ለዚህም አቅም ካጣችሁ ከጎረቤት ጋር ልጅ የመጠበቅ ተራ ግቡና ግማሽ ቀን ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር በእግር ተንሸራሸሩ። «በኋላ» ስትሉ የቆያችሁትን ነገር የምትነጋገሩት ያን ጊዜ ነው።