ከሜዳው የራቀ ባለሜዳ፦ የከፍተኛ ሊግ ውድድር ወጪና የነቀምቴ ከተማ ክለብ

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ክለቦች የገንዘብ ችግር ሲነሣ ውይይቱ በአመዛኙ በፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደመወዝ ላይ ያተኩራል። ችግሩ ይበልጥ የሚከብደው ግን ከዚያ በታች ባለው እርከን፣ በከፍተኛ ሊግ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ለዚህ ማሳያ ልትሆን ትችላለች። ከተማዋ በስሟ የሚጠራ ክለብና የወለጋ ስታዲየም አላት፤ ይሁን እንጂ ክለቡ በከፍተኛ ሊግ በተወዳደረባቸው የቅርብ ዓመታት አብዛኛውን ጨዋታውን ያደረገው በሌሎች ከተሞች ነው።

የዚህ አሠራር መነሻ የኮሮና ወረርሽኝ ነው። የ2012 ዓ.ም. ውድድር ከተሰረዘ በኋላ ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ስርጭት ስምምነት ተግባራዊ ስለሆነ ጨዋታዎችን በጥቂት ሜዳዎች መሰብሰብ ለቀረጻም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ወረርሽኙ አለፈ፤ አሠራሩ ግን ቀረ፣ ወደ ከፍተኛ ሊግም ወረደ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የላይኛው እርከን ክለቦች በአክሲዮን ማኅበራቸው በኩል ከስርጭት መብት ገቢ ሲካፈሉ፣ የታችኛው እርከን ክለብ የደረሰው ወጪው ብቻ ነው።

ወጪውን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። 25 ተጫዋቾችና 5 የቡድን አባላት ለ30 ቀናት በአንድ ከተማ ቢቆዩ፣ የሆቴል ወጪው የ900 አዳር፣ የምግቡ ደግሞ የ2,700 ማዕድ ይሆናል። ውድድሩ ሐዋሳ ላይ ከሆነ ከነቀምቴ የሚነሣው አውቶቡስ በአንድ ጉዞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንጻሩ የሚገኘው የመግቢያ ገቢ ከምንም አይቆጠርም፤ የነቀምቴን ቡድን ለማየት ትኬት የሚቆርጠው ሰው ያለው ነቀምቴ ነውና።

ይህን ሁሉ የሚሸፍነው በዋናነት የከተማው አስተዳደር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር የክለቡ ዓመት የሚጀምረው በመጸው ነው፤ በመካከሉ ተጫዋቾች ይፈርማሉ፣ ዝግጅት ይጀመራል፣ ገንዘቡ ግን የሚለቀቀው በክፍያ ሥርዓቱ ፍጥነት ነው። በአገሪቱ ክለቦች ዘንድ የደመወዝ መዘግየት ተደጋግሞ የሚሰማው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መወሰኑ ይታወሳል። ጣሪያ ማበጀት ወጪን ሊገታ ቢችልም የገቢ ምንጭ አይፈጥርም።

በአንድ ከፋይ ላይ መንጠልጠል የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ ከፍተኛው የራግቢ ሊግ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩት ዉስተርና ዋስፕስ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን አይሪሽ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. በገንዘብ ቀውስ ከውድድር ወጥተዋል። እነዚያ የተደገፉት በባለሀብት ኪስ ነበር፤ የነቀምቴው በምክር ቤት ድምፅ ነው። ይሁንና የምክር ቤት በጀት ከውኃ፣ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጋር ስለሚሻማ፣ ነዋሪው በዓይኑ የማያየውን ቡድን በየዓመቱ መደገፍ እየከበደ ይሄዳል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ብዙ ደጋፊ ያፈሩት ሕዝባቸው በሚኖርበት ከተማ ለዓመታት እየተጫወቱ ነው፤ ማሊያ የሚገዛ፣ መዋጮ የሚያዋጣ ደጋፊ ከዚህ ውጭ በሌላ መንገድ ሲገኝ አልታየም።

ለጊምቢ፣ ለሻምቡና ለደምቢ ዶሎ ወጣቶች ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። በአካባቢው ያለ ክለብ በሜዳው ሲጫወት ታዳጊው ደረጃውን ይለካል፣ አሠልጣኙም ተጫዋች ይመለምላል። ክለቡ ወራቱን በሆቴል ሲያሳልፍ ግን የአካባቢው ታዳጊ ከዓይኑ ይርቃል፤ ለአንድና ለሁለት ዓመት የሚፈርም ልምድ ያለው ተጫዋች ከሌላ ቦታ ማምጣት ይቀለዋል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይንራል።

በምድብ አደላደል ቅርበትን ማስቀደም አንዱ አማራጭ ነው። ነቀምቴ በበደሌ በኩል ከጅማ ጋር የምትገናኝ በመሆኗ የምዕራብ ክለቦች እየተመላለሱ በየሜዳቸው ቢጫወቱ የሆቴሉ ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው የወለጋ መንገዶች ለዳኛውም፣ ለእንግዳው ቡድንም፣ ለተመልካቹም አስተማማኝ ሲሆኑ ነው፤ ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግርም ከሆቴልና ከነዳጅ ይልቅ ይህን አማራጭ የዘጋ ምክንያት ነው።