ያረጁ የቢሮ ኮምፒዩተሮችን በሊኑክስ ለአማርኛ ሥራ ማብቃት

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተሰኘው ሥርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቋርጧል። ቀጣዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ በርካታ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። በመሆኑም አካላቸው ሳይበላሽ ዘመን ያለፈባቸው የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ጉዳይ ውሳኔ የሚሻ ሆኗል።

ለዚህ ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ ሊኑክስ ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥርዓት ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሠራ ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ መካከል በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ኡቡንቱ በስፋት ይታወቃል። ሆኖም ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ለመንግሥት ሥራ የሚበቃው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው። እነርሱም ስክሪኑ በትክክል ማሳየቱ፣ ማውስና ኪቦርዱ መታዘዛቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አማርኛን በዩኒኮድ ማስጻፉ ናቸው።

ጉዳዩ ከትላልቅ ከተሞች ርቀው የሚገኙ ወረዳዎችን ይበልጥ ይመለከታል። በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ጫፍ፣ በዓባይ ሸለቆ አዋሳኝ የሚገኘውን የወግዲ ወረዳ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ከወረዳው ዋና ከተማ ከማኅደረ ሰላም የሚወጣ ደብዳቤ ደሴ ወደሚገኘው የዞን መምሪያ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልል ቢሮ ሊያልፍ ይችላል። ደብዳቤው ከተቀባዩ ዘንድ ፊደሉ ተለውጦ፣ የማይነበብ ሆኖ ቢደርስ ዳፋው የሚተርፈው ለባለጉዳዩ አርሶ አደር ነው።

የመጀመሪያው ተግባር የስክሪኑን ጉዳይ ማረጋገጥ ነው። ምስልን ወደ ስክሪን የሚያደርሰው የግራፊክስ ካርድ ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚግባባው ድራይቨር በተባለ ሶፍትዌር አማካይነት ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨር ከሊኑክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ በአብዛኛው ተጨማሪ ሥራ አይጠይቅም። ለኤንቪዲያ ካርዶች ግን ሁለት አማራጮች አሉ። አንዱ ኑቮ የተሰኘው ነጻ ድራይቨር ሲሆን፣ ሌላው ኩባንያው ራሱ የሚያዘጋጀው ነው። በኡቡንቱ “ተጨማሪ ድራይቨሮች” የሚለው መስኮት ለካርዱ የሚስማማውን “የሚመከር” በማለት ያመለክታል። አዲሱ የኩባንያው ድራይቨር አሮጌ ካርዶችን ላይደግፍ ስለሚችል የተመከረውን መምረጥ ይበጃል።

ስክሪኑ ምስሉን አጉልቶ ካሳየ ወይም መስኮት ሲንቀሳቀስ ከተንቀራፈፈ የሥርዓቱን መግለጫ መመልከት ያስፈልጋል። ግራፊክስ በሚለው መስመር ላይ “ኤልኤልቪኤምፓይፕ” ወይም “ሶፍትዌር ሬንደሪንግ” ተብሎ ከተጻፈ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ገና ሲነሳ ስክሪኑ የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ በመነሻው ዝርዝር ላይ “ሴፍ ግራፊክስ” የሚለውን መርጦ መግባትና ተገቢውን ድራይቨር መጫን ይቻላል። ይህ አማራጭ ለጊዜው መግቢያ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ማውስ፣ ኪቦርድና የላፕቶፕ ተች ፓድን በተመለከተ ሊብኢንፑት የተባለው የሥርዓቱ ክፍል ሲሰኩ ለይቶ ያውቃቸዋል። የማውሱን ፍጥነት፣ ተች ፓዱን መታ በማድረግ መምረጥን የመሳሰሉት በቅንብር መስኮት ይስተካከላሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት ባለሙያው ይህንን ሁሉ በጽሑፍ ፋይል በእጁ ይሞላ እንደነበር ሲታሰብ ሥራው በእጅጉ ቀሏል።

አማርኛን መጻፍ ግን ታስቦበት የሚደራጅ ሥራ ነው። ሠላሳ ሦስቱ መሠረታዊ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ስለሚሆኑ በኪቦርዱ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ቁልፍ መስጠት አይቻልም። በመሆኑም አይባስ የተባለው የመጻፊያ ሥርዓት፣ ኤም17ኤን ከሚባለው ጥቅል ጋር ተቀናጅቶ “ሴራ” የተሰኘውን የአጻጻፍ ስልት ያቀርባል። የስልቱ መሠረት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት፣ የኢትዮጵያን ፊደል በላቲን ቁልፎች የሚወክል ሥርዓት ነው። ለምሳሌ “ሰላም” ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ እና ኤም የተባሉት አምስት ቁልፎች በተከታታይ ይመታሉ። ቲ ብቻውን “ት” ሲሰጥ፣ ከሺፍት ጋር “ጥ” ይሰጣል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመዞር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የስፔስ ቁልፉን በአንድነት መጫን ይበቃል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ኪቦርድም በኪማን አማካይነት በሊኑክስ ላይ ይሠራል።

በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ የዩኒኮድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የፊደል ሶፍትዌሮች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። እነዚህን የቆዩ ሰነዶች አሮጌው ሥርዓት ከመነሳቱ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል።

ጸሐፊዎች ሊያጤኑት የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። ለኮምፒዩተሩ “ሐሰን” እና “ሀሰን” ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በመዝገብ ውስጥ በአንዱ የተጻፈ ስም በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ስለሚችል መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳዩ በመታወቂያው ላይ የሚጠቀምበትን አጻጻፍ መከተል አለበት።

ይህንን ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ መሥሪያ ቤት የቅደም ተከተሉ ነገር ወሳኝ ነው። በቅድሚያ ሰነዶች በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። ቀጥሎም ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ ዲስክ በማስነሳት ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ተች ፓዱ መሥራታቸው ይፈተሻል፤ በዚህ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ያለው አይነካም። ድራይቨሩና የአማርኛ መጻፊያው ጥቅል ከኢንተርኔት የሚወርዱ በመሆናቸው መስመሩ አስተማማኝ በሆነበት ከተማ ተጭነው ኮምፒዩተሩ ወደ ወረዳው ቢላክ የባለሙያ ምልልስን ያስቀራል። በመጨረሻም አንድ የአማርኛ ደብዳቤ ተጽፎ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይላካል። ርክክቡ መፈጸም ያለበት ደብዳቤው በተቀባዩ ስክሪን ላይ ሳይዛባ መነበቡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።