ሸክላ፦ ከኩበት እሳት እስከ ቤተ ሙከራ

የደብረ ማርቆስ ገበያተኛ ጀበና ወይም ምጣድ ከመግዛቷ በፊት ዕቃውን በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጣለች። ድምፁ ጥርት ካለ ትከፍላለች፤ ከታፈነ ግን ወይ ስንጥቅ አለበት ወይ እሳት አልበቃውም ብላ ትተወዋለች። የዛሬ የቁሳቁስ ተመራማሪዎችም ናሙናን በትንሽ መዶሻ መትተው፣ የንዝረቱን ድግግሞሽ በመሣሪያ ለክተው ግትርነቱንና ጉድለቱን ያውቃሉ።

የጎጃም ደጋ አፈር በአብዛኛው የተገኘው የጮቄን ተራራና አካባቢውን ከሸፈነው የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው። ሜዳ ላይ የሚተኛው ጥቁር ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል፤ በውስጡ የሚበዛው ስሜክታይት የተባለ ማዕድን ውኃን በንብርብሮቹ መካከል ያስገባልና። ቀዩ አፈር ካኦሊናይትና የብረት ኦክሳይድ ስላለው እምብዛም አያብጥም። ሸክላ ሠሪዋ እነዚህን ስሞች ሳትጠራ ልዩነቱን በእጇ ታውቀዋለች። የሚጣበቀውን ጭቃ ከሻካራው ታደባልቃለች፤ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ትጨምርበታለች። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ በመሆኑ ጭቃው ሲደርቅ አብሮ አይኮማተርም፤ ስንጥቅ ሲጀምርም መንገዱን ይዘጋበታል። ምጣድ ዘወትር ከቅዝቃዜ ወደ ግለት እየተመላለሰ ዓመታት የሚያገለግለው በዚህ ሸካራነቱ ነው።

በአማራ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ መንኮራኩርም አይጠቀሙም። ጭቃውን በመዳፋቸው እየሳቡና እየጠፈጠፉ ቅርጹን ያወጣሉ፤ ዕቃው ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። ማሸቱ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የላዩን ቀዳዳዎች ያጠባል። ሆኖም ሠሪዎቹ ሲናቁ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ስድቡ በየመንደሩ ሳይጠፋ ቆይቷል። ይህን ያህል የረቀቀ እውቀት የያዙ እጆች “ቡዳ” ተብለው መገለላቸው ያሳዝናል፤ የተጎዱትም እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ እውቀቱን መዝግቦ ማሳደግ የሚችል አገር ሁሉ ተጎድቷል።

በዚህ ሥራ እቶን የለም። ዕቃው መሬት ላይ ይከመርና ኩበት፣ ጭድና እንጨት ይለብሳል። እንዲህ ያለው እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በጭቃው ውስጥ የቀረ ውኃ በድንገት ተን ከሆነ ዕቃው ይፈነዳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እሳት ዳር ይሞቃል። ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት በማዕድኑ መዋቅር ውስጥ የታሠረው ውኃ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያ አፈር ተመልሶ አይቦካም። በ573 ዲግሪ ደግሞ በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ መዋቅሩን ለውጦ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይኮማተራል። የተቸኮለበት ዕቃ ከሚሰነጠቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አየር እንደልብ ያገኘ ሸክላ በብረቱ ይቀላል፣ ጭስ የታፈነበት ይጠቁራል።

ምጣዱ ግን ከእሳት ወጥቶም ገና ነው። በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ዘይቱ በሙቀት ወደ ጠንካራ ሽፋን ተለውጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና እንጀራው አይያዝም።

እቶን ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ግድግዳው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከ1200 ዲግሪ በላይ መድረስ ይቻላል። እዚያ በጭቃው ውስጥ ያለው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ቀልጦ በቅንጣቶቹ መካከል ይገባል፤ ካኦሊናይት የሚበዛበት ካኦሊን የተባለው አፈርም ሙላይት የተባለ ጠንካራ ክሪስታል ያበቅላል። ውኃ የማያሳልፈው ፖርስሊን የሚገኘው እንዲህ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ዜገር እ.ኤ.አ. በ1886 በታወቀ ሙቀት የሚጎብጡ ትንንሽ ሾጣጣዎች እስካዘጋጀ ድረስ የእቶን ባለሙያ በአብዛኛው በዓይኑ በሚያየው የእሳት ቀለም ላይ ነበር የሚተማመነው። በኢትዮጵያ የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክስ የዚህ መስክ የቆየ ስም ነው፤ የደቡቡ የቦምቦሃ ካኦሊንም በሰፊው ይታወቃል። ለጎጃም ቅርብ የሆነው የደብረ ታቦር ካኦሊን ነው።

ቤተ ሙከራ ደግሞ ጭቃን ትቶ ከዱቄት ይነሣል። ጥሬ ዕቃው በኳስ ወፍጮ ይፈጫል፣ በብረት ቅርጽ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይጨመቃል፣ ከዚያም ይጋገራል። ለምሳሌ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እስከ 1600 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ዕቃውም ያንሳል። እጅግ ንጹሕ ዱቄት ሲያስፈልግ ኬሚካሎቹ በፈሳሽ ተቀላቅለው እንደ ሙጫ እንዲረጉ ተደርገው ይቃጠላሉ። ውጤቱ በኤክስሬይ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥቂት ፈሳሽና ግፊት በመጠቀም አንዳንድ ሴራሚኮችን ከ300 ዲግሪ በታች ማጠንከር እንደሚቻል አሳይተዋል። ማገዶ በተወደደበት አገር ይህ ዜና በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ነገር ግን ለኢትዮጵያ ኩሽና ከአሉሚና ይልቅ ምጣድ ይቀርባል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራጨው ላቀች የከሰል ምድጃ ውስጡ የሸክላ ሽፋን አለው፤ ሸክላ ሠሪዎችም አዲስ ገበያ አግኝተውበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ ማሞቂያ ሽቦው ከሸክላው ጀርባ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ቢሳሳ ኃይል ይቆጥባል፣ ግን ይሰበራል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ሸክላው ሳይሰበር እንዴት ይሳሳ ለሚለው ጥያቄ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው፤ የየትኛው መንደር አፈር፣ ስንት እጅ ገል፣ ምን ያህል እሳት የሚለውን ከሠሪዎቹ ጋር ተቀምጠው፣ ለእውቀታቸውም ተገቢውን ከፍለው መለካት ይችላሉ።